የሃምሳ ሳንቲም ዓይን

ነገሩ በጠቅላላው መቶ ሰማንያ ሰባት ብር ከስልሳ ሳንቲም አስወጣኝ። ሁለት ድርብ ጋቢ፣ አንድ የቆዳ ሻንጣ፣ አሥራ አንድ የተቃጠለ አምፑል፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የመዳብ ሽቦ፣ ሙጫ፣ ሃያ አምስት ሰውና አርባ ዘጠኝ ዓይን ሁሉ እዚህ ሂሳብ ውስጥ አሉ። ሃምሳኛው ዓይን ለብቻው አምስት ብር ፈጅቷል፤ እሱ ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ሱቄ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ፣ መንገዱ የሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ ነበር። ሻማ፣ ክብሪት፣ የእጅ ባትሪ፣ ምስማር፣ የዱቄት ቀለም፣ ሰው የጠየቀውን ሁሉ እሸጥ ነበር፤ የሌለኝን ደግሞ «ነገ ይመጣል» እል ነበር። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን ገበያ አስተማረኝ፤ ገበያ ደግሞ ክፍያውን አስቀድሞ ነው የሚቀበል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ከሆነ ቆይቷል፤ የእኔም ሱቅ የቀበሌ ሆኖ ኪራይ እከፍልበት ነበር። በዚያ ዓመት ቀበሌው ለሕብረት ሱቅ የሚሆን ክፍል ይፈልጋል ተባለ። ማዕዘን ላይ ያለ፣ ሁለት በር ያለው፣ ጣሪያው የማያፈስ ክፍል በሰፈሩ አንድ ብቻ ነበር። የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ባቡሩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ አንድ ጀርመናዊ መካኒክ ጊዜው አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ይሸጥ ነበር። እኔ የሄድሁት ምጣድ ነገር፣ ፋኖስ ነገር አገኛለሁ ብዬ ነው። እሱ ግን አንድ ካርቶን ከፍቶ ሐዲዱን ወለሉ ላይ ገጣጠመና ሶኬቱን ሰካው። አንድ የሚጎትት፣ ሁለት የሰው ፉርጎና አንድ የዕቃ ፉርጎ፣ እያንዳንዱ ስንዝር ከአራት ጣት፣ እንደ እባብ ተቀጣጥለው ክፍሉን ዞሩት። እኔ በሕይወቴ ባቡር አይቼ አላውቅም። ባሕር ዳር ያለው ታንኳና አውቶቡስ ነው። ሁለቱን ጋቢና ሻንጣውን ሰጥቼው ካርቶኑን በትከሻዬ ይዤ ገባሁ።

«ጋቢዎቹስ?» አለች ባለቤቴ።

«ይኸውልሽ።»

ካርቶኑን ከፍታ አየች። «መልካም። ክረምት ሲገባ ባቡሩን እንለብሳለና።»

ሱቁ ባንኮኒ ላይ አስቀመጥሁት። ሰው ባቡር ሊያይ ይገባል፣ ክብሪት ገዝቶ ይወጣል። ጥሩ ነበር። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ገባ። ከመራዊ የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ካኪ ኮትና ካኪ ኮፍያ ያደርጋል፤ ኮፍያዋን ደግሞ በየደቂቃው ያስተካክላታል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ባቡር ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ባቡርነቱንማ አየሁት። ሰዉ የት አለ?»

ጎንበስ ብዬ በመስኮቱ አየሁ። እውነትም ማንም የለም።

«ባዶ ባቡር ምን ያስተምራል?» አለ። «ለአብዮት በዓል አዳራሹ ውስጥ ኤግዚቢሽን አለን። ሰፊው ሕዝብ ይሳፈርበት። መብራትም ይግባበት፤ የሠለጠነ ባቡር መብራት አለው።» ከዚያ ክርኑን ባንኮኒው ላይ አሳርፎ ሱቄን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በዓይኑ ለካው፤ ልብስ ሰፊ ሰውን እንደሚለካ። «ኮሚቴው ስለ ሱቁ የሚወስነው ከበዓሉ በኋላ ነው። ለሕዝብ የሠራን ሰው ኮሚቴው ያውቀዋል።»

ገበያ ያደገ ሰው ዋጋ ሲጠራለት ይሰማል። ባቡሩ በሦስት ሳምንት ውስጥ ካበራና ሰው ከተሳፈረበት ሱቁ የእኔ ነው። ካልሆነ የሕብረት ነው።

መብራቱን ቀላል መስሎኝ ነበር። የእጅ ባትሪ አምፑል በሳጥን ሙሉ አለኝ፤ ሐዲዱ ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ አለ። አንዱን አምፑል ከጎማዎቹ ጋር በሽቦ አገናኘሁና ባቡሩን ለቀቅሁት። ቦግ አለ፣ ጠፋም። ሌላ አደረግሁ። ቦግ፣ ጠፋ። በዚህ ዓይነት አሥራ አንድ አምፑል ከፈጀሁ በኋላ ነው ለአንዱ የሚበዛበትን ኃይል አራት ሆነው በአንድ መስመር ሲሰለፉ እንደሚካፈሉት የገባኝ። አሰለፍኋቸው፣ በሩ። ባቡሩ ሲሮጥ አበሩ፣ ቀስ ሲል ደበዘዙ፣ ጣቢያ ላይ ሲቆም ድርግም አሉ። ሰፊው ሕዝብ በየጣቢያው ጨለማ ውስጥ ሊቀመጥ ነው። ይኼን ለሊቀመንበሩ ማሳየት ሱቁን በእጄ ማስረከብ ነው።

ስለዚህ ሐዲዱን ተውሁት። ሁለት የባትሪ ድንጋይ ዕቃ ፉርጎው ውስጥ አስተኛሁ፤ ማንም የዕቃ ፉርጎ ከፍቶ አያይም። ከዚያ ቀጭን ሽቦ በፉርጎዎቹ መጋጠሚያ አሳልፌ ለሁለቱ የሰው ፉርጎ ጣሪያ ላይ ሁለት ሁለት አምፑል አስተኛሁ። ማብሪያ ማጥፊያውን ከአንድ አሮጌ የእጅ ባትሪ ነቅዬ ዕቃ ፉርጎው ሆድ ሥር ለጠፍሁት። በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ይበራል፤ ቢሮጥም ቢቆምም ይበራል።

አሁን ደግሞ ፉርጎው ራሱ ፋኖስ ሆነ። ፕላስቲኩ ስስ ነውና ብርሃኑ በመስኮት ብቻ ሳይሆን በግድግዳው ሁሉ ያልፋል። የምጣድ ጥቀርሻ ከሙጫ ጋር ለውሼ ውስጡን ቀባሁት፣ በግድግዳው ማለፉ ቆመ። አምፑሎቹም ነጭ ብርሃናቸው የሐኪም ቤት ነው የሚመስል። የባለቤቴን የጥፍር ቀለም አንስቼ በስሱ ቀባኋቸው፤ ብርሃኑ እንደ ሻማ ሞቅ አለ። የጥፍር ቀለሙን በሂሳቡ ውስጥ አላስገባሁትም። እሷ ግን እስከ ዛሬ ታስገባዋለች።

ተሳፋሪ ቀረኝ። ከዘጌ በጀልባ እየመጡ ቀለም የሚገዙኝ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ሁላችንም «አለቃ» ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የመቅደስ ግድግዳ ላይ ቅዱሳን ሲስሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ሃያ አራት ሰዎች ይሠሩልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ከምን?» አሉ።

«እርስዎ ያውቃሉ።»

«ከደንገል። የደረቀ ደንገል ውስጡ እንደ ጥጥ ነው፤ ለቢላ አያስቸግርም፤ ቀለም ይወዳል።» ታንኳ የሚሠራበትን የጣና ደንገል ማለታቸው ነው። ከዚያ ፉርጎውን አንስተው በመስኮቱ አጮለቁ። «እንዴት ነው የሚቀመጡት?»

«ወደ ፊት ነዋ። ባቡር ወደሚሄድበት።»

ፉርጎውን አስቀመጡት። «ታዲያ በመስኮት የሚታዩት በጎን ነው። በአንድ ዓይን። በአንድ ዓይን የሚሳል ማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ባሕር ዳር አድጎ የማያውቅ የለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ፊቱን ወደ ሰው መልሶ፣ ሁለት ዓይኑን ከፍቶ ነው የሚቆም። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚታይ ሰይጣን ነው፣ አሳዳጅ ነው፣ ሰማዕታትን ሰያፊ ነው።

«ሃያ አራት ሰይጣን ሙሉ ላሳፍርልህ?» አሉ።

«ይዙሩ እንግዲያ» አልሁ።

አዞርናቸው። ረጅም አግዳሚ ወንበር በየፉርጎው መሐል ሠራሁ፤ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ስድስቱ በዚህ መስኮት፣ ስድስቱ በዚያ መስኮት ያያሉ። ዋጋችንም እንዲህ ነበር፤ ለአካል አንድ ብር፣ ለእያንዳንዱ ዓይን ሃምሳ ሳንቲም። «ዓይኑ ነው ሥራው» አሉኝ፤ «አካሉንማ ማንም ይፈልጠዋል።» ሁለት ዓይን ያለው ሰው ሁለት ብር መጣ። አልተከራከርሁም ብል ውሸት ነው፤ ተከራክሬ ተሸነፍሁ።

ከሱቁ ጓዳ ተቀምጠው ሠሩ። ክረምት ስለነበር ደንገሉ እርጥብ ነው፤ የተፈለጡትን ሰዎች ምድጃው ጠርዝ ላይ ደርድሬ አደርቃቸው ነበር።

«ሕዝብህን ከምድጃዬ አንሳልኝ» ትላለች ባለቤቴ፤ «ወጥ ልጥድ ነው።»

በሁለት ሳምንት ሃያ አራቱ አለቁ። ነጠላ የለበሰች አለች፣ ዶሮ የታቀፈች አለች፣ መነጽር ያደረገ አስተማሪ አለ፣ ጥምጥም ያደረጉ ቄስ አሉ፤ ሁሉም ትልልቅ ዓይኖቻቸውን ከፍተው በመስኮት ያፈጣሉ። መብራቱን ሳበራ ባቡሩ የጻድቃን ባቡር መሰለ።

በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ሊቀመንበሩ ሊያይ መጣ። ኮፍያውን አስተካክሎ ጎንበስ አለ። ደስ እንዳለው ከጀርባው ታየኝ። ቀና ሲል ግን፦

«ሁሉም ወደ ውጭ ነው የሚያፈጡ። ማን ነው የሚመራቸው?»

«የሚጎትተው ከፊት አለ፣ ጓድ።»

«እሱ ብረት ነው። ሰው ይኑር። ካኪ የለበሰ፣ ኮፍያ ያለው። ከሁሉም ፊት ይቀመጥ፤ ወደ ፊት ይመልከት።» እጁን ወደ ግድግዳዬ ዘረጋ። በየሱቁ የሚለጠፈው ሥዕል እዚያ ነበር፤ ሦስት ጢማም የውጭ አገር ሰዎች፣ በተርታ፣ ሦስቱም በጎን፣ ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ። «እንደዚህ» አለ። ይህንም ሲል ኮፍያውን አስተካከለ። የማን ምስል እንደታዘዘ ለመረዳት አራተኛ ክፍልም ይበቃል።

ሰውዬው መራዊ ሲያድግ እንደኛው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ነው ያደገ። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ከተወ ቆይቷል፤ ዓይኑ ሌላ ሥዕል ለምዷል። እኔ ደግሞ አላስታወስሁትም። ትእዛዝ አልፈጽምም ማለት የታወቀ አደጋ ነው፤ በአንድ ዓይን መሳል ገና ያልታወቀ አደጋ ነው። ነጋዴ ያልታወቀውን ይመርጣል።

አለቃ ጋ ገባሁና ነገርኋቸው።

«ወደ ፊት ነው ያሉት?»

«ወደ ፊት።»

«በጎን እንዲታዩ?»

«አዎ።»

«ራሳቸው ናቸው ያዘዙት?»

«ራሳቸው።»

አለቃ የብሩሻቸውን ጫፍ በከንፈራቸው አሾሉ። «እኔ ምን አገባኝ ታዲያ። በዚያኛውስ ጉንጭ ዓይን ልጨምርላቸው?»

ያ ጉንጭ የሚታየው ባቡሩ በወዲያኛው ወገን፣ በግድግዳው በኩል ሲያልፍ ነው። ከዚያ ርቀት የባቄላ ፍሬ ላይ ያለን ዓይን ማን ይቆጥራል? ሃምሳ ሳንቲም ደግሞ ሃምሳ ሳንቲም ነው።

«ይቅር» አልሁ።

የበዓሉ ዕለት የአዳራሹ መስኮቶች በቀን ተዘጉ፣ ጨለማ እንዲሆን። ባቡሩ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ነው። ማብሪያውን ገፋ አድርጌ ለቀቅሁት። እውነቱን ልናገር፣ አማረ። ወርቅማ መስኮቶች በጨለማ ውስጥ ይዞራሉ፤ በየመስኮቱ ሰው። ሕዝቡ «እሰይ!» አለ። «ያቻት ዶሮ ያዢዋ!» «መነጽራሙ የእኛ አስተማሪ ነው!» ይባባላል። ሊቀመንበሩ አጠገቤ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፏል።

በሦስተኛው ዙር አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ቀጥሎ ጎረቤቷ። አንድ ሽማግሌ አማተቡና ኮርኒሱን ማየት ጀመሩ። ሊቀመንበሩ አድናቆት መስሎታል።

«ባቡሩን አቁመው» አለኝ፤ «እናቴ በደንብ ትየው።»

እናቱ ለበዓሉ ከመራዊ በአውቶቡስ የመጡ፣ አጠር ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴትዮ ነበሩ። ባቡሩ ፊታቸው ቆመ። መብራቱ አልጠፋም፤ ያ ሁሉ ልፋቴ ለዚህ ነበር። አፍንጫቸውን መስኮቱ ላይ አስጠግተው ብዙ አዩ።

«ይኼ ባለ ኮፍያው አንተ ነህ?»

«እኔን ይመስላል ይላሉ» አለ እየተሽኮረመመ።

«ታዲያ ዓይንህን ማን ወሰደው?»

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ አየ። በመስኮቱ ውስጥ አንድ ዓይን መልሶ አየው። ቀና ሲል ጆሮው ቀልቷል፤ ዞሮ እኔን ነው ያየኝ። ያን ጊዜ በልቤ መደርደሪያዎቼን መፍታት ጀመርሁ።

«ሌላኛው በዚያ በኩል ነው፣ እማማ» አልሁ። አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነግድ። «ሰው ወደ ጎን ሲቀመጥ አንዱ ብቻ ነው የሚታይ።»

«ይሁን» አሉ። «አዙረህ አሳየኛ።»

በዚያ በኩል ያለው ባዶ ጉንጭ ነው። ፉርጎዎቹን ለማዞር ያነሳሁ መስዬ አውራ ጣቴን ወደ ዕቃ ፉርጎው ሆድ ሰደድሁ። ድርግም።

«መብራቱ ምን ሆነ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ድንጋዩ ደከመ፣ ጓድ። ሱቄ ማዶ ነው፤ አሁን ቀይሬ መጣሁ» አልሁና ባቡሩን አቅፌ ወጣሁ። አለቃ ሥራቸውን ሊያዩ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ነጠላቸውን ይዤ ጎተትኋቸው።

«አለቃ፣ ዓይን።»

«የትኛው?»

«ያ የቀረው!»

«ሃምሳ ሳንቲም ነው ብዬህ ነበር።»

«እሰጥዎታለሁ፣ ብቻ ይፍጠኑ!»

«ያ ያለፈው ሳምንት ዋጋ ነው። ዛሬ አምስት ብር ነው።»

«ለአንድ ዓይን አምስት ብር?»

«ለዓይኑ ሃምሳ ሳንቲም። አራት ብር ከሃምሳው ለችኮላው።»

ከፈልሁ። በአክብሮት ነው የከፈልሁ፤ በዕድሜዬ እንዲያ ጉሮሮዬ ላይ የቆመ ነጋዴ አላጋጠመኝም። ከጓዳዬ ቀለማቸውን አውጥተው፣ ጣሪያውን ከፍተን፣ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉት። እፍ እያልሁበት ተመለስሁ፤ እንዲታይልኝ ደግሞ አዲስ የባትሪ ድንጋይ በእጄ ይዣለሁ።

መብራቱ በራ። እናትየዋ በዚህ በኩል አዩ። ጠረጴዛውን ዞረው በዚያ በኩል አዩ።

«አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ» አሉ። «አለ ለካ።»

ተነፈስሁ። ለካ ቸኩያለሁ።

«ታዲያ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ለሰው የማያሳይ ለምንድን ነው? ልጄ ሲወለድ ሁለቱም ፊት ለፊት ነበሩ። ከሰዉ ጋር አዙረው።»

ሊቀመንበሩ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሦስቱን ጢማሞች አየ። እናቱን አየ። ኮፍያውን ሊያስተካክል እጁን አነሳና መሐል ላይ ተወው።

«አዙረው» አለኝ። ድምፁ የሊቀመንበር አልነበረም፤ የመራዊ ልጅ ድምፅ ነበር።

ጣሪያውን ከፍቼ ያዝሁት። ሙጫው ጠንክሯል፤ ብስበው ከወንበሩ አልነሳ አለኝ። ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። በቢላ ፈልቅቄ አነሳሁት፤ ከወንበሩም ትንሽ ቆርሶ መጣ። ዶሮ በታቀፈችው ሴትና በቄሱ መሐል፣ ፊቱን ወደ መስኮት አድርጌ ሸጎጥሁት። እዚህ ላይ ሌላ ነገር ታየ። ዓይኖቹ የተሳሉት በሁለቱ ጉንጮቹ ላይ ነውና ፊት ለፊት ሲሆን አንዱ በዚህ ጆሮ፣ አንዱ በዚያ ጆሮ በኩል ሆኑ። ልክ ከጣና የወጣ ቀረሶ ዓሣ።

እናትየዋ ጎንበስ ብለው አይተው ቀና አሉ።

«ይሁን» አሉ። «ቀረሶም ቢሆን ሁለት ዓይን አለው።»

መጀመሪያ የሳቀው ሊቀመንበሩ ነው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተከተለው፤ ሊቀመንበር ከሳቀ መሳቅ የተፈቀደ ነው። ሽማግሌውም ዓይናቸውን ከኮርኒሱ አወረዱ። ባቡሩን መልሼ ለቀቅሁት፤ እስከ ማታ ዞረ።

በሳምንቱ ሊቀመንበሩ ሱቄ መጣ። እናቱ አብረውት ነበሩ፤ ክብሪትና ሁለት ሻማ ገዙ፤ ሻማው ከመራዊው በአምስት ሳንቲም ውድ ነው ብለው ተከራከሩኝ፤ ቀነስሁላቸው።

«ኮሚቴው ወስኗል» አለ እሱ። «ባቡሩ የሕዝብ ንብረት ሆኖ አዳራሹ ይቀመጣል።»

«ሱቁስ፣ ጓድ?»

እናትየዋ ሻማቸውን በወረቀት እየጠቀለሉ ነበር። «እኔ ስመጣ ከማን ልገዛ ነው?» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

«ሕብረት ሱቁ ከአዳራሹ ጀርባ ይከፈታል» አለ። «ይኼ ለጊዜው ካንተ ጋር ይቆይ።»

ያ «ለጊዜው» ደርግ እስኪወድቅ ቆየ። ባቡሩ ቀበሌው ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ፤ የባትሪ ድንጋዩን ያወጣ ስላልነበረ ውኃው ፈስሶ ሽቦዬን በላው ሲሉ ሰማሁ። ከበዓሉ በኋላ ቤታቸው መብራት ሊሠሩ ያማራቸው ሰዎች አምፑልና ሽቦ ገዝተውኝ አሥራ አንድ ብር ከአርባ ሳንቲም አተረፍሁ።

ወጪ መቶ ሰማንያ ሰባት ብር ከስልሳ። ገቢ አሥራ አንድ ብር ከአርባ። ኪሳራ መቶ ሰባ ስድስት ብር ከሃያ ሳንቲም።